አክስቴ ያለቀሰችበትና ያኮረፈችበት ጾም

«እነሱም ‹እናስቀምጥላችኋለን› ነው የሚሏቸው አሉ፣ እትዬ።»

ይህን ያለችው የአክስቴ ቤት ሠራተኛ ናት። ቡና እየቀዳች ነበር። ድምፅዋ ከፍ አላለም፣ ነገር የምትፈልግም አትመስልም። ጨዋታ ለማዋጣት ጣል ያደረገችው ነው የሚመስለው። አክስቴ ሶፋው ላይ ሆና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ቴሌቪዥኑ ቤይሩት ያሉ እህቶቻችንን ያሳያል።

ጊዜው ሰኔ 2012 ነው፣ ኮሮና የገባ ሰሞን። የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋ አጥቶ፣ አሠሪዎች የቤት ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ ከነሻንጣቸው ጥለዋቸው ይሄዱ ነበር። ብዙዎቹ የወራት ደሞዝ አልተከፈላቸውም። ምስሉን ሁላችንም አይተነዋል።

አክስቴ ከልቧ አለቀሰች። «የሰው ላብ በልተው እንዴት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል? እግዜርን አይፈሩም?» አለች። ልጅቷ ያን ቃል ጣል ያደረገችው ይኼኔ ነው። የልጅቷ የራሷ ደሞዝ ደግሞ ከዓመት በላይ አክስቴ ጋ «ተቀምጦላት» ነበር።

አክስቴ ምን መለሰች? «እነሱማ አረመኔዎች ናቸው!» አለችና ሁለተኛውን ስኒ ተቀበለች።

በቃ። ጨዋታው ወደ ኮሮና ዞረ፤ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ስለ መቀቀል። ነገሩ ግን እኔን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ያልለቀቀኝ ልጅቷ የተናገረችው አይደለም። አክስቴ አለመስማቷ ነው።

ግብዝ ብትሆን ይሻል ነበር

አክስቴ ለታይታ የምትጾም ሴት አይደለችም። የሰኔን ጾም ብዙ ሰው «እሱ የቄስ ጾም ነው» ብሎ ያልፈዋል። እሷ አታልፈውም። ውዳሴ ማርያም ሳትደግም ውሃ አትቀምስም። ጎረቤት ሲታመም ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። የማርያም ማኅበር ተራዋ ሲደርስ ድግሱን ከአቅሟ በላይ አሳምራ ታወጣለች፣ ግን አታወራበትም።

ስለዚህ «ግብዝ ናት» ብዬ ነገሩን መዝጋት አልቻልኩም። ግብዝ ቢሆን ቀላል ነው። ግብዝ ሰው ውስጥ ቢያንስ አንድ እውነቱን የሚያውቅ ሰው አለ፣ እሱ ራሱ። ማታ ብቻውን ሲሆን የሚሠራውን ያውቃል። አንድ ቀን ሊያፍርበት ይችላል። አክስቴ ውስጥ ግን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እንባዋ የውሸት አልነበረም። ጸሎቷም የውሸት አልነበረም። ልጅቷ ስትናገር አክስቴን አይቻት ነበር፤ ፊቷ ላይ የተደበቀ ነገር፣ ድንጋጤ፣ ቁጣ፣ ምንም የለም። ነገሩ እሷን እንደሚነካ አልመጣላትም።

አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል። እኔ የአክስቴን ነገር ሳስበው ግን አንድ ነገር እጨምርበታለሁ። አውቆ የተኛ ሰውም ብዙ ሲቆይ የምር እንቅልፍ ይወስደዋል።

ለልጅቷ ተብሎ የተጀመረ ነገር

አጀማመሩ ክፉ አልነበረም። ይህን መካድ አልፈልግም። ልጅቷን ያመጣት ደላላ ነው። ከገጠር ስትመጣ መታወቂያ አልነበራትም፣ ያለ መታወቂያ ደግሞ ባንክ ደብተር አያወጣም። ከእሷ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ያጠራቀመችውን ሁሉ ዘመድ ነኝ ባይ ወስዶባት አልቅሳ ነው የሄደችው። አክስቴ ይህን ስላየች «አንቺ ልጅ፣ እኔ ጋ ይቀመጥልሽ፤ ስትፈልጊ ትወስጃለሽ» አለቻት። በወር 1,500 ብር። ለቅባትና ለሳሙና እያለች የምትሰጣት ደግሞ አለ።

መጀመሪያ ገንዘቡ የምር ይቀመጥ ነበር፤ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ። ከዚያ አንድ ወር የዕቁብ መክፈያ ጎደለ፣ ከፌስታሉ ተወሰደና ተመለሰ። ከዚያ ተወሰደና ግማሹ ተመለሰ። ከዚያ የልጇ ኮሌጅ በኮሮና ምክንያት በኦንላይን አስተምራለሁ ሲል ላፕቶፕ አስፈለገ። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል የምንለው ለመልካም ነገር ነው። ለዚህም ይሠራል። ፌስታሉ ባዶ ሆነ፤ «ተቀምጦላታል» የሚለው ቃል ግን እንደነበረ ቀጠለ።

ልጅቷ አንድ ሁለቴ ጠይቃለች። ታናሽ ወንድሟ አገር ቤት ይማራል፣ ደብተርና ጫማ ያስፈልገዋል። አክስቴ ትንሽ ሰጠቻትና «አታባክኚው፣ ለራስሽ ብዬ ነው» አለቻት። ይህን ስትል ከልቧ አምናበት ነው። አንድ ሰው ሲዋሽ ትንሽም ቢሆን ይጠነቀቃል፣ ቃሉን ይመርጣል። እሷ አልተጠነቀቀችም። እንደ እናት ነበር የተቆጣቻት።

ሕጉም ቢሆን ብዙ አይረዳትም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሰው ቤት ተቀጥሮ የሚሠራን ሰው በዋናው ድንጋጌ አያቅፍም፤ ለብቻው በሚወጣ ደንብ ይታያል ብሎ ያልፈዋል። ለግሉ ዘርፍ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደሞዝም የለም። ስለዚህ የልጅቷ ነገር በአብዛኛው የተንጠለጠለው በአክስቴ ሕሊና ላይ ነበር። የአክስቴ ሕሊና ደግሞ ጾሞ፣ ጸልዮ፣ ለቤይሩት አልቅሶ ጥግብ ብሏል።

ዳዊት የፈረደው ፍርድ

በዚያ ሰሞን ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12ን ደጋግሜ አነበብኩ። ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሥ ዳዊት ሄዶ ስለ አንድ ሀብታምና ስለ አንድ ድሃ ያወራዋል። ሀብታሙ የራሱ በጎች እያሉት የድሃውን አንዲት በግ ወስዶ አረደ። ዳዊት ይህን ሲሰማ ነደደ። ይህን ያደረገ ሰው ሞት ይገባዋል አለ፤ ስለ አንዷ በግም አራት ይመልስ ብሎ ፈረደ።

ልጅ ሆኜ ዳዊት ሲቆጣ ለማስመሰል ይመስለኝ ነበር። አሁን አይመስለኝም። ቁጣው የምር ነው። ፍርዱም ትክክል ነው፤ በኦሪት ሕግ በግ የሰረቀ አራት ይመልሳል። ናታን ሲመጣ ዳዊት ከኦርዮን ሚስት ያገኘው ሕፃን ተወልዷል። ያ ማለት ዳዊት የሰው ሚስት ከወሰደ ቢያንስ ዘጠኝ ወር ሆኖታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ ለሌላው ሰው ይፈርድ ነበር። ፍርዱም ቀና ሳይሆን አይቀርም። የፍትሕ ስሜቱ አልሞተም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው የማይሠራው፣ ራሱ ጋ ሲደርስ።

ናታን ታሪኩን ተናግሮ ቢያበቃ ኖሮ ዳዊት «እነሱማ አረመኔዎች ናቸው» ብሎ ስኒውን ይቀበል ነበር። ናታን ግን «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው። ልጅቷም በቡና ወሬ መካከል ታሪኩን አመጣች፤ የመጨረሻዋን ቃል ግን መናገር አትችልም። ማን ብላ? በማን ቤት? ሌሎቻችን ደግሞ የእናት እህት በእንግዳ ፊት አይታረምም ብለን ያደግን ነን። ለነገሩ እንግዳም አልነበረም። እኛው ነን።

ይህ ነገር ወደ ራሴም ይመልሰኛል። እኔስ የት ላይ ነው የተኛሁት? ብዬ ስጠይቅ መልስ አይመጣልኝም። ቢመጣልኝማ አልተኛሁም ማለት ነው። ራስን መመርመር የሚባለውን ነገር ብዙ ሰው ይመክራል፣ መጻሕፍትም ይመክራሉ። ግን መርማሪውም ተመርማሪውም እኔ ስሆን መዝገቡ ሁልጊዜ ንጹሕ ሆኖ ነው የሚዘጋው። ኤርምያስ የሰው ልብ ከሁሉ ይልቅ ተንኮለኛ ነው፣ ማንስ ያውቀዋል ያለው ስለ ክፉ ሰዎች ብቻ አይመስለኝም።

«ኃጢአተኛ ነኝ» ለማለት የሚከብደው የለም

አክስቴ ንስሐ ትገባለች። በየጊዜው። እና ምን ትል ይሆን? የንስሐ ነገር የራሷ ምስጢር ነው፣ ግን አብዛኞቻችን የምንለውን አውቃለሁ። «በሐሳብ፣ በቃል፣ በሥራ በድያለሁ።» «የማልረባ ኃጢአተኛ ነኝ።» አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ እንላለን። ራሱን ኃጢአተኛ ብሎ የሚቀየም ሰው አይቼ አላውቅም። እንዲያውም ሲሉት ደስ የሚል ነገር አለው፤ ትሑት የሆኑ ያህል ይሰማል። ያንኑ ሰው «የዚያን ቀን ለእገሌ የሰጠኸው መልስ ውሸት ነበር» በለው። ያኔ ታየዋለህ።

ትልቁ ቃል ትንሿን ይሸፍናታል። «በሥራ በድያለሁ» ውስጥ ሁሉም አለ፣ ስለዚህ ምንም የለም። የዘኬዎስን ንግግር ልብ በሉት። ኢየሱስ ቤቱ ሲገባ «ኃጢአተኛ ነኝ» አላለም። ያን ሰፈሩ ሁሉ ሲያንጎራጉር ብሎለታል። እሱ የተናገረው በቁጥር ነው፤ ካለኝ ግማሹን ለድሆች፣ በሐሰት የወሰድኩበት ካለ አራት እጥፍ። አራት! ዳዊት በሌላ ሰው ላይ የፈረደውን ዘኬዎስ በራሱ ላይ ፈረደው።

ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ ተአምኁ በበይናቲክሙ፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲል ግራና ቀኝ ዞረን እጅ እንነሳለን። ደስ የሚል ሰዓት ነው። ከጎኔ ያለው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አያውቀኝም፣ አልበደልኩትም። የበደልኩት ሰው ሌላ ቦታ ነው። አክስቴ እጅ ስትነሳ ልጅቷ ቤት ሆና ሽሮ እያማሰለች ነው። ማቴዎስ ምዕራፍ 5 ላይ መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ የሚለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሂድ ነው የሚለው። ዙር አላለም።

ይህን ለአንድ ጴንጤ ጓደኛዬ ሳወራው ሳቀ። «እኛ ጋ በሌላ በር ነው የሚገባው» አለኝ። እነሱ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው ለምስክርነት ወጥቶ፣ ጌታ ከዕዳ ነፃ አወጣኝ፣ ሸክሜ ወረደልኝ ብሎ መሰከረ። ጉባኤው እልል አለ። አበዳሪው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ሰውየው ሸክሙ የወረደለት አበዳሪው መጠየቅ ሰልችቶት ስለተወው ነው። ጓደኛዬ እንደሚለው አበዳሪውም አጨብጭቧል። ይህችን የመጨረሻዋን አላመንኩትም።

አባ የጠየቁት

ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ጾም ገብቶ፣ የአክስቴ የንስሐ አባት ቤቱን ጸበል ሊረጩ መጡ። እኔ አልነበርኩም፤ የነገረኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ሽማግሌ ናቸው፣ ብዙ አይናገሩም። ጸሎቱን ከመጀመራቸው በፊት ቤተሰቡ ሁሉ ይሰብሰብ አሉ። ልጅቷ ከማድ ቤት ወጥታ በሩ ጋ ቆመች።

«አንቺ ልጄ፣ የንስሐ አባት አለሽ?»

«የለኝም፣ አባ።»

«ደሞዝሽን ማን ነው የሚይዝልሽ?»

«እትዬ።»

«ስንት ደረሰልሽ?»

«19,700 ብር።»

ፈጣን ነበር አለኝ የአክስቴ ልጅ። አላሰበችም፣ ጣቷን አልቆጠረችም። ለቅባት የተቀበለችውን፣ ለወንድሟ የላከችውን ሁሉ ቀንሳ ነው የተናገረችው። አክስቴ ደነገጠች። «ይሄን ያህል ሆነ እንዴ?» አለች። ለመከራከር አይደለም፤ የምር አታውቀውም። እኔን የገረመኝ ይህ ነው። ልጅቷ ብሩን እስከ መጨረሻው ታውቀዋለች። የያዘችላት ሴትዮ አታውቀውም።

አባ አልተቆጡም። «በይ እንግዲህ፣ እሱን ጨርሺና ጸበሉን እረጫለሁ። ቅዳሜ እመለሳለሁ» ብለው መስቀላቸውን አሳልመው ሄዱ።

አክስቴ እንባ አላፈሰሰችም። አኮረፈች። «ሰው ፊት አዋረዱኝ፤ እኔ ልበላባት ነው እንዴ?» እያለች ሦስት ቤት ደወለች። ለእኔም ደውላለች። የዕቁብ ዕጣ የደረሰው ሰው እንዲለቅላት ለምና ገንዘቡን አገኘች። ዓመት ሙሉ «አልሆነም» የተባለው መታወቂያ አንድ የቀበሌ ሰው ሲጠየቅ ተገኘ። ቅዳሜ ሳይደርስ ልጅቷ ደብተር ወጣላት፣ ገንዘቡም ገባላት። አክስቴ ባንክ ቤት ድረስ አብራት ሄዳ፣ ፊቷን ከስክሳ፣ መንገድ ላይ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ተመለሰች። አባን ለብዙ ጊዜ በቀዝቃዛው ነበር የምትቀበላቸው። ልጅቷ መስከረም ላይ ሥራ ስትለቅ ደግሞ «ገንዘቧን አገኘች፣ ጥላኝ ሄደች» አለች።

እስከ ዛሬም «አስቀመጥኩላት እንጂ አልበላሁባትም» ነው የምትለው። አሁን ያለችውን ልጅ ግን በየወሩ በቴሌብር ነው የምትከፍላት።

ሁለቱ ልጆች

ማቴዎስ 21 ላይ አንድ አባት ሁለት ልጆቹን ወደ ወይን አትክልቱ ይልካል። አንዱ አልወድም አለ፤ በኋላ ግን ተጸጽቶ ሄደ። ሌላው እሺ ጌታዬ አለ፤ አልሄደም። ይህን ምሳሌ ድሮ ስሰማው ሁለት ዓይነት ሰዎች ይመስሉኝ ነበር። አሁን አክስቴን በአንድ ክረምት ሁለቱንም ሆና አየኋት። ሰኔ ላይ እሺ ጌታዬ አለች፣ በእንባ። ነሐሴ ላይ አልወድም አለች፣ ሄደችም።

ከሁለቱ ለእምነት የሚቀርበው የትኛው ነው ብትሉኝ፣ ኩርፊያው ነው እላለሁ። ብዙ ሰው አይስማማም። ንስሐ ማለት ልብ የሚሰበርበት፣ ነፍስ የሚርድበት ነገር ነው ብለን ተምረናል። ልክ ነው፣ እንዲያ ሲሆን ያምራል። ግን ለቤይሩት ማልቀስ ከኪስ ምንም አያወጣም። ባንክ ቤት ሰልፍ ላይ ከገዛ ሠራተኛ ጎን መቆም ያወጣል። በ19,700 ብር ጸደቀች እያልኩ አይደለም፤ እሱን የሚያውቀው ያውቀዋል። ልቧ ከእሷ ኋላ ቀርቶ እግሯ ቀድሞ ሄደ ነው የምለው። ልብ ደግሞ አንዳንዴ እያዘገመ ይደርሳል። በቴሌብር የምትልከውን ሳይ የደረሰ ይመስለኛል፣ ወይም እየመጣ ነው።

የአክስቴ ልጅ በዚህ አይስማማም። ተመርቋል አሁን፣ ሥራም ይዟል፤ ስንገናኝ ይህን ነገር ማንሳት ይወዳል። «እናቴ የከፈለችው አባን ፈርታ፣ ሰፈሩን ፈርታ ነው። እግዚአብሔርን ፈርታ ቢሆን ድሮ ትከፍል ነበር። እምነት ይህ ከሆነ የለም በለው» ይላል። ከባድ ጥያቄ ነው። የነነዌን ሰዎች ጠቀስኩለት። ከተማችሁ ትገለበጣለች ሲባሉ ፈርተው ነው የተመለሱት። መጽሐፉም ጾሙን፣ ማቁን፣ አመዱን ሁሉ ይዘረዝራል፣ እግዚአብሔር አየ የሚለው ግን ከክፉ መንገዳቸው መመለሳቸውን ነው። «በነነዌ መዳን የተበሳጨው ዮናስ ብቻ ነው» አልኩት።

«እኔን ዮናስ ማለትህ ነው?» ብሎ ሳቀ። «እኔ እኮ የምናገረው ስለ ልጅቷ ተቆርቁሬ ነው። የሰው ደሞዝ ይዞ መጸለይ ያስጠላኛል።»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ትዝ አለኝና ስለ ላፕቶፑ ጠየቅኩት። አሁንም አለው፣ በእሱ ነው የሚሠራው።

«እሱን የገዛችልኝ እናቴ ናት እኮ» አለኝ።